ለእትዬ እጅ የሚሆን ቢላ

ሰኞ፣ የካቲት 3

ቀጥ ብሎ ወጣ! ሳይጣመም፣ ሳይሰነጠቅ፣ ከዘይቱ ውስጥ ቀጥ ብሎ ወጣ! ... እንዴት ዋልሽ እንኳ ሳልልሽ ደብተሬ። ይቅር በይኝ። እኔ ደህና ነኝ። ከደህናም በላይ።

ቀኑ ራሱ እንደ ሁልጊዜው ነበር። ክሊኒክ፣ ካርድ ክፍል። ካርድ ማውጣት፣ ካርድ መመለስ። አንድ አባት ስማቸውን ሦስት ጊዜ ሦስት ዓይነት አድርገው ነገሩኝ፤ በሦስተኛው ተገኙ። ከሥራ ስመለስ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ወደ ጓሮ። ከሰሉ ተያያዘ፣ ብረቱ ቀላ፣ ማግኔት አስጠጋሁ... አልያዝም አለ። ማግኔት እምቢ ሲል ነው ሰዓቱ። ወደ ዘይቱ! የጭሱ ነገር አይወራም። የኔ ሰውዬ አበባ የምናጠጣበትን ባልዲ ሞልቶ በሩ ላይ ቆሟል። ሃያ ስድስት ዓመት አብሮኝ ኖሮ ዛሬም በእሳት አያምነኝም።

ሲቀዘቅዝ በሞረድ ሞከርኩት። ሞረዱ መስታወት ላይ እንዳለ ተንሸራተተ። ጠንክሯል ማለት ነው። ከዚያ ሁለት ሰዓት ኦቭን ውስጥ፣ እንዳይሰበር በመጠኑ እንዲለዝብ። ወርቅማ የገለባ ቀለም ይዞ ወጣ።

አምስተኛ ቢላዬ ነው። አንዱ ሙዝ መስሎ ቀርቷል፣ አንዱ ዘይት ውስጥ ቋ! ብሎ ተሰንጥቋል፣ ሁለቱ ቅቤ ካልሆነ አይቆርጡም። ይሄኛው ግን የእትዬ ነው። መበላሸት አይችልም።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

የእትዬን ነገር ልጻፈው፣ ሆዴ ውስጥ ከሚቀመጥ።

ታላቅ እህቴ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት አብስላለች። ከስድስት ወር በፊት ደረጃ ላይ ወድቃ የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። አጥንቱ ገጥሟል። ግን አንጓው አይታጠፍም፣ ጣቶቿም አጥብቀው አይጨብጡም። ቢላ ስትይዝ ይዞርባታል። የወጥ ቤቱ ኃላፊ ክፉ ሴት አይደለችም፣ እስካሁን ጠብቃታለች። አሁን ግን ቁርጡን ነገረቻት። አርብ፣ የካቲት 21፣ አጠገቧ ቆማ ልታያት ነው። የምሳውን አትክልት ደወል ሳይደወል ከትፋ ከጨረሰች ትቀጥላለች። ካልሆነ ስቶር ትገባለች፣ ጆንያ እየመዘገበች ልትውል።

እትዬ ስቶር ውስጥ! ሰው ሲበላ ካላየች ራሷ እህል የማይወርድላት ሴት!

ባለፈው ወር የዳቦ ሊጥ ይዤላት ሄድኩ። ጨብጪው አልኳት። አሁን ደግሞ ጤናሽን ነው? አለች። ዝም ብለሽ ጨብጪ እትዬ። ጨበጠች። የአምስቱ ጣቶቿ ቦታ ሊጡ ላይ ቀረ። ቤት አምጥቼ ኦቭን ውስጥ ድንጋይ እስኪሆን አደረቅኩት። ከሱ እያየሁ እንጨቱን ቀረጽኩ። እጀታው ከስለቱ በላይ ቀና ብሎ የቆመ ነው፣ እንደ መጋዝ እጀታ። አንጓ መታጠፍ የለበትም፣ ክንድ ብቻ ይገፋል።

አልነገርኳትም። ባይሳካስ? ሁለት ጊዜ ተስፋ ማስቆረጥ...

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ምን ዓይነት ደንቆሮ ነኝ? ምን ዓይነት?

እንደ ቅዳሜ ልማዳችን ባለጋራዡ ጋ ተሰበሰብን። ቢላ ሠሪዎቹ ማለቴ ነው። አንድ ዓመት ሆነኝ ከነሱ ጋር፣ እስካሁን ማን ምን ሠርቶ እንደሚያድር አላውቅም። የቤቱ ሕግ ነው። ሥራ በር ላይ ይቀራል። ባለጋራዡ የመጀመሪያ ቀን ነግሮኛል፣ እዚህ አለቃም የለም፣ ተላላኪም የለም፣ ብረትና እሳት ብቻ ነው ብሎ። ስም እንኳ በቅጽል ነው። እኔ ዘይቷ ነኝ። የመጀመሪያ ቀን አንድ ጣሳ ዘይት ደፍቼ ሁሉንም ስላንሸራተትኩ።

ቢላዬን አወጣሁ። እጅ በእጅ ዞረ፣ ተደነቀ። አፌ ጆሮዬ ደረሰ። እጀታውን አወጣሁ፣ ሁለቱን የነሐስ ምስማር አወጣሁ። ምስማሩን ልሰካ...

ባለጋራዡ አየኝ። ብረቱን አየ።

"ዘይቷ፣ ቀዳዳውስ?"

ቀዳዳውስ! እጀታው የሚታሰርበትን ቀዳዳ ብረቱ ገና ለስላሳ ሳለ ነው የሚበሱት። ከጠነከረ በኋላ ምን ይበሳዋል? በሊጡ ስደሰት፣ በእንጨቱ ስደሰት... ረሳሁት። ሳቁብኝ፣ ግን የወገን ሳቅ ነው። ባለጋራዡ ሁለቴ ረስቷል። ፂማሙ አንዴ፣ ሚስቱ ለሳምንት እየተረተችበት።

በመብሻ ማሽን፣ በትራፓኖ ሞከርን። ሦስት ፑንታ፣ ሦስት የመብሻ ጫፍ ሰበርን። ብረቱ ላይ ብልጭ የምትል ነጥብ ብቻ ቀረች። እጀታው ውስጥ የሚገባውን ጭራውን ብቻ በእሳት እናለስልሰው አሉ። ጭራው አጭር ነው፣ ሙቀቱ ስለቱ ጋ ይደርስና እሱንም ያለሰልሰዋል። ኮላ ብቻውን? በክንድ የሚገፋ፣ በሙቅ ውሃ የሚታጠብ ዕቃ ነው... አንድ ወር አይቆይም። እንደ አዲስ እንዳልጀምር ቢላ የምሠራበት የመኪና ባሌስትራ ብረቴ አልቋል። ቢገኝስ? ከአምስት አንዴ ነው የተሳካልኝ።

ዝምታው የምንለው ጓደኛችን ዛሬ አልመጣም። ቢመጣም መቼ ይናገራል።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ለሁለት ሰው የሌላ ሰው ካርድ ሰጠሁ። አንደኛው ወንድ ነው፣ የእርግዝና ክትትል ካርድ ይዞ ተመለሰ። ትስቂያለሽ ደብተሬ? እኔም ሳቅኩ፣ ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

የዛሬውን እንዴት ልጻፈው... በቅደም ተከተል። ተረጋጊ።

አራት ሰዓት ላይ አንድ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው በኋላ በር ገባ። ትንሽ ሳጥን በሁለት እጁ ይዟል፣ እንቁላል የያዘ ይመስል። የጥርስ ሐኪሙ የት ሄደ? ብሎ በመስኮቴ አጎነበሰ።

ተያየን።

"ዘይቷ?"

"ዝምታ?"

ፊቱ ቀላ። የሰው ገመና ላይ የደረሰ ነው የሚመስለው። ሕጉ አለ እኮ! በየረቡዑ ለአንድ ዓመት እዚሁ ክሊኒክ ሲገባ ሲወጣ፣ እኔ ከካርድ ግድግዳ ጀርባ... ሕግ ይጣስ አልኩና ጠየቅኩት። ሳጥኑን ከፈተልኝ። ጥርስ! አንድ ሙሉ ፈገግታ፣ ባለቤቱ ሌላ ቦታ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው የሚሠራው ለካ።

ካርዱን ሁሉ ትቼ ተነሳሁ። በምን ትበሳዋለህ? አልኩት። በትንሽዬ ማሽን፣ ስንጥር በምታህል ፑንታ። ብረትስ? ብረትማ ሥራዬ ነው፣ ጥርሱ ሥር ያለው ብረት ከኛ ቢላ አይተናነስም አለ። ይህን ሁሉ ቃል ካፉ ሰምቼ አላውቅም። የእትዬን ነገር ነገርኩት። ከመስኮቱ ውጭ ሰልፉ ረዘመ፣ አንዲት እናት ልጄ እዚሁ ሊያድግ ነው አሉ።

ሰማ፣ ሰማ፣ ሳጥኑን ከደነ።

"ቅዳሜ ማሽኑን ይዤ እመጣለሁ። አንቺ ብረቱ እንዳይግል ውሃ የሚያንጠባጥብ ሰው ፈልጊ።"

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ተበሳ። ሁለቱም!

ማሽኑ ሲነሳ ያ የጥርስ ሐኪም ቤት ፉጨት ጋራዡን ሞላው። ባለጋራዡ፣ ያ ግዙፍ ሰው፣ ጉንጩን ይዞ ወደ በሩ ሸሸ። ውሃ ያንጠባጠብኩት እኔ ነኝ። ዝምታው ትንፋሹን ውጦ፣ ነካ፣ ተወት፣ ነካ፣ ተወት... አርባ ደቂቃ። ሰባት ፑንታ ደነዘ። መጨረሻ ላይ ብርሃን በቀዳዳው አለፈ። ምስማሩ ገባ። ማልቀስ አልፈልግም ነበር።

ከዚያ ወሬው ፈነዳ። ሕጉ አንዴ ተጥሷል። ባለጋራዡ የከተማ አውቶብስ ሹፌር ነው ለካ! ስንቴ አሳፍሮኝ ይሆን? ፂማሙስ፣ ያ ክንድ የሚያህል ቢላ የሚቀጠቅጠው? የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ። ቀኑን ሙሉ ንፍጥ ሲጠርግ፣ ጫማ ሲያስር ይውላል። ወላጆቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ምን እንደምሠራ ባያውቁ ይሻላል አለ። ተንከትክተን ሞትን።

እሁድ፣ የካቲት 16

እትዬን ምሳ ጠራኋት። ቢላውን በጨርቅ ጠቅልዬ ሰጠኋት። ፈታችው። አየችው። ፊቷ ተለወጠ።

"ይሄ የአካል ጉዳተኛ ዕቃ ነው። እዚያ ይዤው ልግባ? የደረስኩበትን ሁሉ እንዲያዩልኝ?"

ገፋ አደረገችው። ለካ ይህን አላሰብኩም... ስለ አንጓዋ ሳስብ ኩራቷን ረስቼ። ሁለተኛው የረሳሁት ቀዳዳ። ያንን የደረቀ ሊጥ አምጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩላት። የጣቶቿን ጎድጓዳ አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ቢላውን ያዘች... እያንዳንዱ ጣት ቦታው ገባ።

ሽንኩርት አለች። ሰጠኋት። አለቀ። ካሮት። አለቀ። የኔ ሰውዬ ሁለቴ ሱቅ ተላከ። ጥቅል ጎመኑን ስትጨርስ ቀና ብላ፣ ይሄ ስለት ትንሽ ይቀረዋል፣ ሞርጂልኝ አለችኝ። እትዬ ተመልሳለች! ሰው ማዘዝ ጀምራለች!

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

አሁንም ጥቅል ጎመን እየበላን ነው። የኔ ሰውዬ በዝምታ ያኝካል።

አርብ፣ የካቲት 21

ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ዋልኩ። ስምንት ሰዓት ላይ እትዬ ደወለች። ስልኩን እስካነሳ ነፍሴ ወጣች።

በካሮቱ ዘገየሁ አለችኝ። እጇን አላበው፣ እጀታው ግን አልዞረም። ኃላፊዋ ሰዓቷን ታያለች፣ ሌሎቹ አብሳዮች እያዩ አላየንም ይላሉ። የመጨረሻው ጎመን ግማሹ ሲቀር ልጆቹ ውጭ መሰለፋቸው ተሰማ። እትዬ ወደ ሰዓቱ አላየችም። ጨርሳ ቢላውን ስታስቀምጥ... ደወሉ ተደወለ።

ኃላፊዋ ቢላውን አንስታ በራሷ እጅ ሞከረችው። እምቢ አላት። በእጄ አይገባም አለች። እትዬ ምን ብትመልስላት ጥሩ ነው?

"በኔ እጅ ልክ ነው የተሠራው። እህቴ ናት የሠራችልኝ። ካርድ ክፍል ነው የምትሠራው።"

ሰው ሁሉ ፊት! ካርድ ክፍል ብላ! ሰኞ በሰዓትሽ ግቢ አለቻት ኃላፊዋ።

እሁድ፣ የካቲት 23

ትናንት ጋራዥ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዝምታው ጮክ ብሎ ሳቀ። ድምፁ ወፍራም ነው፣ ማን ያውቅ ነበር?

ባለጋራዡ ሕጉ ተሽሯል አለ። የተሻረበት ቀን ይከበር ተባለ። ማን ያበስላል ሳይባል እትዬ በስልክ፣ እኔ እያለሁ ማን ሊያበስል? አለች። በራሷ ቢላ ነው የምትከትፈው። አንድ ግዴታ ብቻ አለ፣ ሁሉም የሥራ ልብሱን ለብሶ ይመጣል። ሹፌሩ ከነኮፍያው፣ ፂማሙ ቀለም የነካካው ሽርጡን፣ ዝምታው ነጭ ጋዋኑን። የኔ ሰውዬ ባልዲውን ይዤ እመጣለሁ ብሏል።

እኔ? የካርድ ክፍሉን ቁልፍ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እገባለሁ። አንድ ዓመት በር ላይ ስተወው የኖርኩትን።

ቅዳሜ፣ የካቲት 29፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ጋራዡ ውስጥ። ማንም መቅረት የለበትም።