በእናት በኩል ሲቆጠር

እሁድ፣ ኦክቶበር 19

ቶመርን አውቶቡስ ጣቢያ አደረስኩ። ወደ ጦር ሰፈሩ ተመለሰ። ሙቀቱ እስካሁን አልለቀቀም። ሥራ አረፍድ ይሆን ብዬ ሰግቼ ነበር፣ አላረፈድኩም።

የዛሬ ጭንቀቶች፦
1. የመኪናው ጎማ፣ የፊተኛው ግራ።
2. ልጄ ሊላክ። የባግሩት፣ የማትሪክ ፈተና ደርሶባታል፣ እንቅልፍ የላትም።
3. የሚስቴ የታንጉ ጉልበት። ሐኪም ጋ አልሄድም ብላለች።
4. ቶመር።

ቶመርን ለምን ጻፍኩ? ምንም አልሆነም እኮ። ጣቢያው ላይ «የአውቶቡሱን ቁጥር አንብብልኝ» አለኝ። እሱ ሃያ ዓመቱ ነው። እኔ አምሳ ሊሞላኝ ነው፣ መነጽር አለኝ... እኔ አነበብኩለት።

«ዓይንህ ምን ሆነ?»
«ምንም። ደክሞኛል አባ።»
«ሁለቱም?»
«አንዱ። መሃሉ ላይ ጭጋግ ነገር አለ። ይለቃል።»

ሰንበትን ሙሉ ተኝቶ ነው የዋለው። ምን አደከመው?

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 28

የሕመም እረፍት ሰጥተው ወደ ቤት ላኩት። ዓይን ሐኪም አየው። ጠብታ አደረገ፣ መብራት አበራ፣ ፊደል አስነበበው። መነጽር አይደለም አለ። ዓይኑ ንጹሕ ነው፣ ችግሩ ከኋላ ነው፣ ነርቩ ላይ። ደም ቀዱለት። ጭንቅላቱን በማሽን አነሱት። ዕጢ የለም።

ታንጉ ተመስገን አለች። እኔ አላልኩም። ዕጢ ካልሆነ ምንድን ነው?

እሁድ፣ ኖቬምበር 16

ሁለተኛውም ዓይኑ ጀመረው።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 27

ውጤቱ መጣ። እኔ፣ ታንጉና ቶመር ሄድን። ሐኪሟ ዶክተር ኤናት ትባላለች። ወጣት ናት፣ ቀስ ብላ ታወራለች። ወረቀት ላይ ክብ ሣለች። ውስጡ ባቄላ የመሳሰሉ ብዙ ትንንሽ ነገሮች ሣለች። ክቡ ሕዋስ ነው። ባቄላዎቹ ሚቶኮንድሪያ ይባላሉ፣ ለሕዋሱ ኃይል የሚያወጡት እነሱ ናቸው። የቶመር ባቄላዎች ስህተት አለባቸው። ሲወለድ ጀምሮ።

«ይሄ የሚመጣው ከእናት ብቻ ነው» አለች። «ከአባት አይመጣም።»

መጀመሪያ ምን ተሰማኝ? ይሄን ማንም አያነበውም... ቀለለኝ። ትንሽ ቀለለኝ። ከዚያ የታንጉን እጅ አየሁ። የቦርሳዋን ማንገቻ ጣቷ ላይ ጠምጥማ ጠምጥማ ጣቷ ነጭ ሆኗል።

«በእናትሽ በኩል ዓይኑ የጠፋ ወንድ ነበር?» አለቻት ሐኪሟ።
«አጎቴ ታደገ። የእናቴ ወንድም። እሱን ግን መብረቅ ነው የወሰደው። እርሻ ላይ፣ በጎረምሳነቱ።»
«ተቃጠለ? አመመው?»
«አይ። አላመመውም። ቀስ እያለ ነው የጠፋው።»

ሐኪሟ ጻፈች። መብረቅ ቀስ ብሎ ይወስዳል እንዴ? ከታንጉ ጋር ከተጋባን ጀምሮ ይሄን ወሬ እሰማለሁ። አንድ ቀን አልጠየቅሁም።

ሐኪሟ ያለችው፦
1. ኪኒን አለ። ይረዳ ይሆናል። ላይረዳም ይችላል።
2. ድፍን ጨለማ አይሆንም። መሃሉ ይጠፋል፣ ዳር ዳሩ ይቀራል።
3. ቶመር ለልጆቹ አያወርስም። ወንድ ስለሆነ።
4. ሊላክ ታወርሳለች።
5. የታንጉ እህት ልጆችም አለባቸው ማለት ነው። ያለበት ሁሉ አይታወርም፣ ብዙ የሚይዘው ወንዶቹን ነው። ሲጋራ ደግሞ ይጠራዋል። «ሲጋራ የሚያጨስ ካለ ዛሬውኑ ይተው። ዛሬውኑ ንገሯቸው።»

የታንጉ እህት ስንቅነሽ ናት። ጊቫት ሃሞሬ ሰፈር ነው ቤቷ። ሁለት ልጆች አሏት፣ ሼሊና አቪያታር። አቪያታር ሃያ አንድ ዓመቱ ነው። በቀን አንድ ፓኮ ይጨርሳል።

እሁድ፣ ኖቬምበር 30

ትናንት ከምሳ በኋላ ሊላክ አስረዳችኝ። ሰንበት ስለሆነ መጻፍ የለም። ሳህን አመጣች፣ መሃሉ ላይ አንድ የወይራ ፍሬ አደረገች፣ ዙሪያውን ምስር በተነች።

«ይሄ ታ ነው» አለች። በዕብራይስጥ ታ ይሉታል። እኔ ሕዋስ ነው የማውቀው። አዲስ አበባ አውሮፕላን ስንጠብቅ ጥቂት ወራት ትምህርት ቤት ገብቼ ነበር፣ አስተማሪው ሕዋስ ብሎ ሰሌዳ ላይ ጻፈ። ትርጉሙ ላይ ሳይደርስ መጣን።

እኔ ካሮት ማሸጊያ ነው የምሠራው። ስለዚህ በእኛ ማሸጊያ ቤት ገልብጬ ያዝኩት፦
– የሳህኑ ጠርዝ፦ የበር ጠባቂው። ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ።
– ወይራው፣ ኑክሌሱ፦ ሚስራዱ፣ ቢሮው። ወረቀት ሁሉ እዚያ ነው፣ ትእዛዝ የሚወጣው ከዚያ።
– ራይቦዞም፦ እኛ። የታዘዝነውን የምንሠራው።
– ጎልጂ፦ ካርቶን ውስጥ ከትቶ ወዴት እንደሚሄድ የሚለጥፈው።
– ላይሶዞም፦ የበሰበሰውን እየለቀመ የሚያጠፋው። እኛ ጋ የሥራ ጓደኛዬ ምንይችል ነው። ሊላክ ሳቀች። ቤታችን ውስጥ ሳቅ ከሰማሁ ቆየሁ።
– ሚቶኮንድሪያ፦ ጄኔሬተሩ።

ባለፈው ክረምት መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ ሲደክም መጀመሪያ ምን ሞተ? ሚዛኑ አይደለም። ካሮቱን የሚያመላልሰው ቀበቶም አይደለም። ትልቁ ማቀዝቀዣ ነው። ብዙ የሚበላው ቀድሞ ይወድቃል።

«ልክ ነህ አባ። የዓይን ነርቭ ሆዳም ነው።»
«ለምን ከእናት ብቻ?»
«የሚስራዱ ወረቀት ግማሹ ካንተ ነው፣ ግማሹ ከኢማ። ጄኔሬተሩ ግን የራሱ ትንሽ ወረቀት አለው። እሱ እንዳለ ከኢማ ነው። የኢማ ከእናቷ። ያንተ ገብቶም እዚያው ይጠፋል።»
ከዚያ ምስሩን በጣቷ ወደ ዳር ሰበሰበችው።
«እኔም አለብኝ» አለችና ወይራውን በላችው።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 3

እስካሁን ለስንቅነሽ አልነገርንም። ዛሬ ስልኩን ሳነሳ ታንጉ እጄን ያዘችው።

«አትደውል።»
«ሐኪሟ ዛሬውኑ ብላለች። ሳምንት ሆነው።»
«ሰምቻለሁ። ለሼሊ ሽማግሌዎች ሊመጡ ነው፣ ዘመድ ሊቆጠር ነው። ዘራቸው የዕውር ዘር ነው ይባልላት?»
«አቪያታርስ?»
«ይሄን ሁሉ ዓመት ያልያዘው አሁን በሦስት ሳምንት አይዘውም። ቆጠራው ይለፍ።»
«ቢይዘውስ?»
«አንተ ምን ቸገረህ? የሚሰደበው የታንጉ ዘር ነው። ያንተ አይደለም።»

ቃል አስገባችኝ፣ ገባሁ።

ለጎረቤቱ የምትለውንም ዛሬ ሰማሁ። ቶመር ጻባ ላይ፣ ጦሩ ውስጥ፣ ልምምድ ሲያደርግ፣ ኃይለኛ ብርሃን ዓይኑን መታው። እንዲህ ነው የምትለው። ሰውም «አይዞሽ፣ ለአገሩ ነው» ይላታል።

እንደገና መብረቅ።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 9

አቪያታርን አውቶቡስ ጣቢያ አገኘሁት። ወታደሮቹ መሃል ቆሞ ያጨሳል። አንዱን ጨርሶ በሱው ሁለተኛውን ለኮሰ።

«ሻሎም ዶድ» አለኝ። አጎቴ ማለቱ ነው። «ቶመር እንዴት ነው?»
«ደህና ነው። ያን ነገር ተው እስቲ።»
«የቱን?»
«ሲጋራውን። ይጎዳል።»
«ዶድ ፈንታ፣ አንተ የማይጎዳ ነገር ታውቃለህ? ዝናብ ይጎዳል፣ ነፋስ ይጎዳል፣ ባዶ ሆድ ይጎዳል። ባለፈው የበረዶ ውሃ ስጠጣ ልታለቅስ ነበር።»

ጓደኞቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሁልጊዜ እየፈራሁ ኖሬ፣ አሁን እውነተኛው ፍርሃት ሲመጣ ማን ይመነኝ? ጭሱን ወደ ላይ ነው የሚያወጣው፣ እኔን እንዳይነካኝ አክብሮ። ጥሩ ልጅ ነው።

አውቶቡሱ መጣ። አልነገርኩትም።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 17

የሐኑካን አራተኛ ሻማ አበራን። ቶመር ሻማዎቹን ትቶ ግድግዳውን ያያል።

«ምን ታያለህ?» አልኩት።
«ሻማውን። ቀጥ ብዬ ሳየው ይጠፋል። ግድግዳውን ሳይ በጎን ይመጣል። አንተም እንደዚያ ነህ አባ። ፊትህን የማየው ዘወር ስል ነው።»

ወጥ ቤት ገባሁ። የታጠበውን ዕቃ መልሼ አጠብኩ።

ስመለስ፦ «አቪያታር ያውቃል?»
«ገና።»
«ገና ማለት?»
«እናትህ... ቆጠራው ይለፍ ብላለች።»
«አባ፣ አርብ አርብ አንድ ፓኮ ለሁለት ነበር የምንጨርሰው። ግማሹ የኔ፣ ግማሹ የሱ። እኔ ማንም አልነገረኝም፣ ማንም አያውቅም ነበር። እሱ ግን የሚያውቅ ሰው አለው።»

ተነስቶ ወደ ክፍሉ ሄደ። በሩን በእጁ ፈልጎ አገኘው። ታንጉ ከሶፋው ላይ ሁሉንም ሰምታለች።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 24

ትናንት ቆጠራው ነበር። እንደሆነው ልጻፈው፣ ሳይደባለቅብኝ።

የስንቅነሽ ሳሎን ሞልቷል። ሼሊን የሚያገባው ልጅ ወገኖች ከነታንያ መጡ። ሽማግሌያቸው አባ ሞርዴካይ ናቸው፣ ሸምገል ያሉ፣ ቀልደኛ። በኛ በኩል የሚቆጥረው የስንቅነሽ ባል ዮሃናን ነው። ሼሊ ውስጥ ክፍል ከሊላክ ጋር። ቶመር ጥግ ላይ።

እንደ ወጉ ሰባት ቤት ተቆጠረ፣ ዝምድና እንዳይገኝ። ዮሃናን አባቱን፣ የአባቱን አባት እያለ ወጣ። በስንቅነሽ በኩልም አባቷን፣ የአባቷን አባት። አባ ሞርዴካይ «አምስተኛው ላይ ከተንተባተብክ ልጄን ይዤ እሄዳለሁ» እያሉ ያሾፉበታል። አልተንተባተበም። ሰባት ሞላ፣ አልተገናኘም። እልል ተባለ።

አቪያታር ከኪሱ ፓኮውን አውጥቶ ወደ በረንዳ ሄደ። የመስታወቱ በር ሲዘጋ ሰማሁ።

ተነሳሁ። ምን እንደምል አላውቅም፣ ቃልም አለብኝ፣ ግን እግሬ ተነሳ። ታንጉ ኮቴን ከኋላ ያዘች። አስቀመጠችኝ። ራሷ ተነሳች።

«አባ ሞርዴካይ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አንድ ቤት አልተቆጠረም።»
«የማን ልጄ?»
«የእናቶቻችን። እኔንና ስንቅነሽን የወለደች ውድነሽ። ውድነሽን የወለደች ትርፌ። ትርፌን የወለደች ጥሩወርቅ።»

ከዚያ ቆመች። ከጥሩወርቅ በላይ አታውቅም። ማንም አያውቅም። የወንዶቹ ሰባት ደርሷል፣ የሴቶቹ ሦስት ላይ አለቀ።

«የውድነሽ ወንድም ታደገ ታውሮ ነው የሞተው። መብረቅ አይደለም። የትርፌ ወንድም ታውሯል። ቡዳ አይደለም የበላው። ልጄን ጻባ አይደለም ያሳወረው። በኛ በእናት በኩል ነው የሚመጣው፣ ወንዶቹን ይይዛል፣ ሲጋራ ይጠራዋል። አቪያታርን ጥሩት። ያን ነገር ይጣለው።»

ማንም አልተነቃነቀም። ቶመር ነው ተነስቶ፣ ግድግዳውን ይዞ፣ የበረንዳውን በር የከፈተው።

ስንቅነሽ ለታንጉ፦ «ነገ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ጠዋት ብትነግሪኝስ? የልጄን ቀን ጠበቅሽ?»
እውነት ነው። ቀድመን፣ ለብቻዋ፣ በስልክ ነግረናት ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ሰው አይሰማም ነበር። ይሄን ያበላሸነው በመናገር አይደለም፣ በመቆየት ነው። እኔም አብሬ ቆየሁ።

አባ ሞርዴካይ «እንመካከራለን» ብለው ተነሱ። ምግቡን ማንም አልነካውም።

እሁድ፣ ዲሴምበር 28

ከነታንያ ተደወለ። ይቅርብን አሉ።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 8

ያለው ነገር፦
1. ቶመር ኪኒኑን ይውጣል። ለውጥ የለም።
2. ስንቅነሽ ስልክ አታነሳም። ታንጉ በየጠዋቱ ትደውላለች፣ ጥሪው እስኪቋረጥ ትይዘዋለች።
3. ሼሊ ለሊላክ መልእክት ልካለች፦ «እናትሽን ጥዪልኝ።» ሊላክ አሳየችኝ፣ ለታንጉ አላሳየናትም።
4. አቪያታር ብቻውን ሄዶ ለምርመራ ደም ሰጥቷል።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 5

የአቪያታር ውጤት ከመጣ ሳምንት ሆነው። አለበት። የቶመርን የመሰለ፣ ያው ስህተት። ዓይኑ እስካሁን ደህና ነው። ላይያዝም ይችላል። ነገም ሊይዘው ይችላል። ሐኪሟ ከዚህ በላይ አትልም።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ ቶመርን በባቡር ሐይፋ የሚወስደው እሱ ነው። ቶመር በነጭ በትር መሄድ ይማራል። ዛሬ ጣቢያው ድረስ ሸኘኋቸው። ወታደሮች ደጁ ላይ ያጨሳሉ። አቪያታር በሌላ በኩል ዞሮ ቶመርን አሳለፈው። በሲጋራው ፈንታ የሱፍ ፍሬ ይቆረጥማል፣ ከንፈሩ በጨው ቆስሏል። ባቡሩ ሲመጣ ቶመር እጁን አቪያታር ትከሻ ላይ አደረገ።

ማታ ሲመለሱ በሩ ተንኳኳ። ስንቅነሽ ነች፣ ልጇን ልትወስድ። ከቆጠራው ወዲህ የመጀመሪያዋ። ደጃፉ ላይ ቆመች። ግቢ አልናት፣ አልገባችም። ታንጉ ከወጥ ቤት ወጣች፣ እጇ እርጥብ ነው። ሰላምታ የለም።

«የቶመር» አለች ስንቅነሽ፣ መሬቱን እያየች። «መጀመሪያ የያዘው የቱን ነው?»
«ቀኙን።»
«እኔ በግራው ነበር የምጀምረው።»
«ምን?»
«ጠዋት አቪያታር ከአልጋው ሳይነሳ። አንዱን ዓይኑን በእጄ እከድንና ጣት አሳየዋለሁ። ስንት ነው እለዋለሁ። ይሰድበኛል። ከዚያ ይነግረኛል።»

ታንጉ ወንበር አምጥታ በሩ መሃል ላይ አስቀመጠችላት። ውስጥም አይደለም፣ ውጭም አይደለም። ስንቅነሽ አየችው። አልተቀመጠችም።

አልሄደችም ግን። ልጆቹ ከውስጥ እስኪወጡ ሁለቱም ቆመው ቀሩ፣ ወንበሩ መሃላቸው።