በጀልባው ውስጥ የነበረው ሣር

ውድ ወንድሜ ዘሚካኤል፣

ስልክ አታነሳም፣ የላክሁልህንም መልእክት ከፍተህ አታይም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ዛሬ ወደ ገረሴ ለሚወጣ ሹፌር ሰጥቼዋለሁ። ተናድጄብሃለሁ፤ ናፍቀኸኛልም። ከሁለቱ የትኛውን አስቀድሜ እንደምጽፍ ስላላወቅሁ ከጀልባህ ልጀምር።

አጭር ልቦለድህን አገኘሁት። የሥነ ጽሑፍ ክበቡ መጽሔት የመምህራን ክፍላችን ጠረጴዛ ላይ ወድቆ፣ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦበት ነበር። ስምህን ሳይ ብርጭቆውን ገፍቼ ታሪኩን እዚያው ቆሜ ጨረስኩት። ከዚያም አባዝቼ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ ሰጠኋቸው። የጀብዱ አጭር ልቦለድ የምናስተምርበት ሳምንት ነበርና ሰበብ አላጣሁም። ጸሐፊው ወንድሜ መሆኑን ግን አልነገርኳቸውም።

ሰሌዳው ላይ ጭብጥ፣ ግጭት፣ መቼት፣ ልብ ሰቀላ ብዬ ጻፍኩ። ጭብጡ ምንድን ነው ስላቸው «ሰው ከተፈጥሮ ጋር የሚያደርገው ትግል» አሉኝ፤ ምንም ባስነብባቸው የሚሉኝ ይህንኑ ነው። ልብ ሰቀላው ላይ ግን የሁሉም ልብ ተሰቀለ። ሽማግሌው አጵሎስ የጠፋውን ሞተር ገመድ እየሳበ «ይነሳል፣ ይነሳል» ሲል፣ ጫሞ ሐይቅም ከሰዓት በኋላ በሚነሳው ነፋሱ ጀልባዋን ወደ አዞዎቹ ዳርቻ ሲገፋት፣ ያ ሁልጊዜ የሚንጫጫው ክፍል ጸጥ አለልህ። ኮራሁብህ። ጉማሬውን ግን ብትተወው ይሻል ነበር፤ አዞ እያለ ጉማሬ ምን ሊሠራ መጣ?

ከተማሪዎቼ ጋር የተጣላነው ሣሩ ላይ ነው። ወጣቱ ተሳፋሪ ገና ጀልባዋ ስትነሳ ከዳር እርጥብ ሣር ይነጫል። መሃል ላይ ከሽማግሌው ጋር ሲኳረፉ ሣሩን ይዘረጋለታል። ሽማግሌው ደግሞ «ጀልባዬ ውስጥ ቆሻሻ አታስገባብኝ» ብሎ ውሃው ውስጥ ይጥለዋል። እኔ ሣሩ ንግር ነው፣ ወደፊት የሚመጣውን አደጋ ያመለክታል አልኩና አብራርቼ ወደ መቼት ልሻገር ስል ልክነሽ እጇን አወጣች። ከጋሞ ደጋ የመጣች የጨንቻ ልጅ ናት፤ ስትናገር አትቸኩልም።

«ቲቸር፣ ይሄ ልጅ ይቅርታ እየጠየቀ ነው እኮ» አለችኝ። «እኛ ጋ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ከተንበረከኩ፣ የተጣላ ሰው ይቆማል። ሣሩን ረግጦ አያልፍም። ይሄ ሰውዬ ግን ጣለው።»

ኦሊያድ ከኋላ ወንበር «ቲቸር፣ ደራሲው ዝም ብሎ ጽፎት ቢሆንስ? ጫሞ ዳር ሣር አለ» አለ፤ ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እርግጥ የሣሩን ወግ አጥቼው አይደለም፤ አርባ ምንጭ ያደገ ሰው እንዴት ያጣዋል? ግን ከአንተ አልጠበቅሁትም። አንተ ሽማግሌ አይደለህም፣ የጋሞ ተወላጅም አይደለህም፤ የደብረ ማርቆሱ የአባባ የባዘዘው ልጅ ነህ። ታዲያ ያ ልጅ ማን ነው? ሽማግሌውስ? ደወሉ ሲደወል መጽሔቱን ይዤ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ለአባባ አነበብኩላቸው። የአንተ መሆኑን ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ፤ ማልቀሳቸውን ላለማየት መጽሔቱ ላይ አቀረቀርኩ። ሣሩ ውሃ ውስጥ የሚወድቅበት ቦታ ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሱ።

«ውቢት፣ ሣሩን የነጨው ከየት ነው ይላል?»

«ከሐይቁ ዳር።»

«ከሐይቁ ዳር አይደለም» አሉ። «ከበራችን ፊት ካለው ቦይ ነው።»

ዘሚካኤል፣ እኔ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የማውቀው ጥሉን ብቻ ነበር። አባባ ጡረታ ሲወጡ ሁላችንም ደብረ ማርቆስ እንግባ አሉ፤ አንተ «እኔ የምመለስበት ሌላ አገር የለኝም፣ አገሬ እዚህ ነው» አልክ፤ እሳቸውም «እንግዲያው አባትም የለህም» አሉህ። እኔ ለሥልጠና ሐዋሳ ሄድኩ። ስመለስ ፋሲካ አልፎ፣ አንተም ሄደህ ነበር። የት ሄደ ስላቸው «ሄደ» ብቻ አሉኝ፤ አንተም እስከ ዛሬ ምንም አልነገርከኝም።

አባባ ያኔ ነገሩኝ፤ ለካ በፋሲካው ዋዜማ እርጥብ ሣር ይዘህ በሩ ላይ መጥተህ ቆመህ ነበር። ለካ አባባ «ጎሽ፣ በጉም ርቦታል» ብለው ተቀብለውህ፣ ግቢው ውስጥ ለታሰረው የፋሲካ በግ ሰጥተውታል። በጉ ሲበላው ቆመህ አይተህ፣ ምንም ሳትል ወጣህ።

መሳቅ ይሁን ማልቀስ የነበረብኝ እስካሁን አልገባኝም። «በእርግጥ ለበጉ መስሎዎት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አዎ» አሉ። ትንሽ ቆይተው «ይመስለኛል» አሉ። ከዚያ ደግሞ «ልጄ፣ እኔ እንጃ» አሉኝ። ሠላሳ ዓመት እዚህ ቢሮ ሠርተዋል፤ ሽማግሌዎች ሣር ይዘው ስብሰባ ሲገቡ ከወንበራቸው ብድግ ይሉ የነበሩ ሰው ናቸው። የገዛ ልጃቸው እጅ ላይ ሲያዩት እንዴት ጠፋቸው? አውቀው ከሆነ ጨካኝ ናቸው፤ ሳያውቁ ከሆነ ደግሞ ሁለት ፋሲካ ሙሉ በከንቱ ተቃጠልን ማለት ነው። የትኛውን እንደምመርጥ አላውቅም። እሳቸውም የሚያውቁ አይመስለኝም።

አንተንም ልውቀስህ። አፍ አልነበረህም? ሽማግሌ ይዘህ አትመጣም ነበር? ቢያንስ አትንበረከክም ነበር? ቆመህ ሣር ያቀበልከው እኮ በጎጃም ወግ ላደገ ሰው ነው፤ ያውም በዋዜማ፣ ያውም በግ ታስሮ። ይህን ስላቸው አባባ «ተይው፣ ልጁን አትውቀሽው» አሉ። «በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ልጄ ግን በአገሩ ወግ መጣ። አገሬ እዚህ ነው ሲለኝ አልሰማሁትም፤ ሣሩን ሲያመጣልኝም አልሰማሁትም።»

አሁን የሆነውን ስማ። የደብረ ማርቆሱ ጉዞ ቁርጥ ሆኗል፤ ዕቃው ታስሯል፣ በሚቀጥለው ወር ይሄዳሉ። ዕድሜያቸውን ታውቃለህ። እንዲህ እንደተኳረፋችሁ ከሄዱ ዳግም የምትገናኙ አይመስለኝም፤ የምፈራው ይህንኑ ነው። ትናንት ከሰዓት በክፍላቸው በር ሳልፍ የአልጋውን ጠርዝ ይዘው ወለሉ ላይ ለመንበርከክ ሲታገሉ አየኋቸው። ጉልበታቸው እንዴት እንደሚያማቸው አትረሳም። ወደቁ ብዬ ዘልዬ ገባሁ።

«አልወደቅሁም» አሉ ተቆጥተው። «እየተለማመድኩ ነው። ያቺ ተማሪሽ ይንበረከካሉ ብላለች አላልሽም?»

«አባባ፣ እሱ ልጅዎ ነው። አባት ለልጁ አይንበረከክም።»

«በየትኛው አገር?» አሉኝ። ብብታቸውን ይዤ አነሳኋቸው።

ነገ ጠዋት ከሲቀላ መናኸሪያ በመጀመሪያው መኪና ወደ አንተ ይመጣሉ። እኔ ልከተልዎ ብላቸው እንቢ ብለዋል። ክራቫታቸውን በካውያ ተኩሰው ሰቅለዋል። ሣሩን ከዚያው ከቦዩ ነጭተው፣ ዳገቱ ላይ እንዳይጠወልግ ግማሽ ውሃ ባለው የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ከተውታል። ሠፈርተኛው አይቶ ምን እንደሚል አላውቅም፤ እሳቸው ግን ግድ የላቸውም።

እኔ ግን እፈራለሁ። ምናልባት ልክነሽና እኔ ተሳስተን ይሆናል፤ ምናልባት ኦሊያድ እንዳለው ሣሩ ሣር ብቻ ነው፣ አጵሎስም አባባ አይደሉም፣ አንተም አንድ ጊዜ ያየኸውን ነፋስ ነው የጻፍከው። አንድ ሰው ጡረታ ከወጣ በኋላ በአጭር ልቦለድ ትርጉም ተመርቶ፣ በዚያ ጉልበት ገረሴ ድረስ ሲወጣ፣ ትርጉሙን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ተሳስቼ ከሆነ እባክህ ለአባባ እንዳትነግራቸው። በትክክል አንብባችሁታል በላቸው።

የታሪክህን መጨረሻ ተማሪዎቼ አልወደዱልህም። ወጣቱ ከጀልባዋ ወድቆ ውሃው ሲያጥለቀልቀው፣ ሽማግሌው ከላይ ቆሞ ሲያየው፣ «መቅዘፊያው በእጁ ነበር» ብለህ ታቆማለህ። ዘረጋለት ወይስ አልዘረጋለትም? ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ተጨቃጨቀ፤ እኔንም ጠየቁኝ። ሰኞ እነግራችኋለሁ ብያቸዋለሁ። አንተን ተማምኜ ነው።

ነገ ረፋድ ላይ በርህ ሲንኳኳ ቶሎ ክፈት፤ ብዙ መቆም አይችሉም። ሣሩ በእጃቸው ነው።

የምትወድህ እህትህ፣
ውቢት