መሬቱ ምን ይላል?

ውድ ልጄ ጽዮን፣

ዘንድሮ በግንቦት ስልኬ አልጮኸም። ሌላ ጊዜ ወሩ ሲገባ ባሕር ዳር ካለው የአየር ትንበያ ሥራሽ ላይ ሆነሽ ትደውዪና፣ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርሺ «አባዬ፣ መሬቱ ምን ይላል?» ትዪኝ ነበር። ስንዝር ያህል ቆፍሬ አፈሩን እጨብጣለሁ፤ ይፈርስ ወይም ይያዝ እንደሆነ፣ የተከለለው ዳገት ሣርም የት እንደደረሰ እነግርሻለሁ።

አንድ ጊዜ ይህ ሁሉ ለምን እንደሚጠቅምሽ ጠየቅሁሽ። «እርጥብ አፈርና ለምለም ሣር የጠጡትን ውሃ መልሰው ለአየሩ ይሰጡታል። መሬቱን ሳያውቁ ክረምቱን መተንበይ ተማሪውን ሳያዩ ውጤቱን እንደ መናገር ነው» ብለሽ ሳቅሽብኝ። የመምህር ልጅ ነሽና በምን እንደምትይዢኝ ታውቂ ነበር።

በጥር ከቀበርንሽ ወዲህ ወደ ዳገቱ አልወጣሁም። ያስወጣችኝ ጎረቤታችን ታንጉት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ የቀራት የዘር ገብስ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ነው፤ እሱ ከከሸፈ ልጆቿን ይዛ መሰደዷ ነው።

«ራዲዮው ክረምቱ ጥሩ ነው ብሏል። መምህር፣ ልዝራ?» አለችኝ።

ወጣሁ። በልጉ ስለቀረ ከብቱ ዳገቱ ላይ ተለቆ ሣሩ ከሥሩ ተግጧል። አፈሩ በጣቶቼ መካከል ፈሰሰ። ራዲዮው የሚናገረው ስለ ሰፊው አገርና ስለ ሙሉው ክረምት ነው፤ መሬቱ እንዲህ ሲራቆት ግን ዝናቡ ቶሎ እንደማይጸና ከአንቺ ተምሬአለሁ። «ቆዪ» አልኳት። ብሳሳት የምታርሚኝ አንቺ የለሽምና ቃሉ ከበደኝ።

በሰኔ መግቢያ ዝናብ ወረደ። ሰዉ ሁሉ በሬ ጠመደ።

«መምህር!» ብሎ ጮኸ የማሳ ጎረቤቷ አዳነ ከእርሻው። «የእርስዎ ጡረታ ዝናብ አይጠብቅ! የታንጉትን መሬት ለምን ጦም ያሳድሩታል?»

ሁሉም ሳቀ። ታንጉት ግን ደጄ ድረስ መጥታ፣ «ልጅዎን ስለማምናት ነው እንጂ እንቅልፍ አጥቻለሁ» አለችኝ። እኔም አልተኛሁም።

ዝናቡን ዳገቱ ሊይዘው አልቻለም፤ ጭቃ ሆኖ ወደ ወንዙ ወረደ። ከዚያም ሰማዩ ጠራ። የበቀለው ገብስ ቢጫ ሆኖ ደረቀ። አዳነን ማሳው መካከል ተቀምጦ አገኘሁት። አጠገቡ ተቀመጥሁ።

«ጽዮን ብትኖር ለሁላችንም ትነግረን ነበር» አለኝ።

ዝናቡ በሐምሌ ተመለሰ። ዛሬ ጠዋት አፈሩን ጨብጬ እጄን ስከፍት አልፈረሰም። እንደ ልማዴ ስልኬን ከኪሴ አወጣሁ፤ መልሼ ከተትሁት። ከታች ታንጉት ቀና ብላ ትጠብቀኛለች። «ዝሪ!» ብዬ ተጣራሁ።

በሬዎቹን ይዞ የመጣላት አዳነ ነው። ለራሱ የሚዘራው የለውም፤ ለእሷ ሲያርስ ዋለ።

በሚመጣው ግንቦትም ዳገቱን አያለሁ። ጠያቂ ባይኖርም፣ ልጄ፣ መሬቱ ያለውን ለአንቺ እነግርሻለሁ።

አባትሽ ልመንህ
ከንፋስ መውጫ