በጠቅላላ ጉባኤ እስኪወሰን

ሰኞ
የብሎኩ ኮሚቴ ተሰበሰበ። አጀንዳው የልጄ ዥዋዥዌ። ከጋራ ቤቱ የጣሪያ ብረት ላይ ሰቅለን ሊያን የምናወዛውዝበት ጨርቅ "የግቢውን ገጽታ ያበላሻል" ተባለ። ገጽታ! ደረጃው ሥር የተበላሹ ፍሪጆች ተደርድረዋል።

ሊቀመንበሩ አቶ ገዛኸኝ ከመሥሪያ ቤት በጡረታ ወጥተዋል፤ ከሊቀመንበርነት ግን የሚያወጣቸው አልተገኘም። "ስምንት ዓመቷ አይደል እንዴ? ይቺን የምታህል ልጅ እሽሩሩ ትባላለች?" አሉ። ኦቲዝም እንዳለባት፣ ካልተወዛወዘች ግንባሯን ከግድግዳ እንደምታጋጭ እንደገና አስረዳሁ። "አውቃለሁ፣ በቴሌቪዥን አይቻለሁ" አሉኝ። ውሳኔ፦ ይታያል።

ማክሰኞ
የጎረቤታችን የወይዘሮ አበበች ባል አረፉ። ነፍስ ይማር፤ ከዚህ ብሎክ ሊያን በስሟ ጠርተው ሰላም የሚሏት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ግቢው መኪና ስለሞላው ዕድሩ አግዳሚውን በጋራ ቤቱ ውስጥ ደረደረ። አቶ ገዛኸኝ ዥዋዥዌውን በገዛ እጃቸው ፈቱት። "ለቅሶ ቤት ጨዋታ ነውር ነው።" እሺ፣ ነውር ነው። ግን ሲፈቱት ፊታቸው እንደዚያ መፍካት ነበረበት?

ከሰዓት በኋላ ግንባሯ አበጠ። ሲ.ኤም.ሲ ያለችው የኦቲዝም ባለሙያ እንዳሳየችኝ ጋቢ አጥፌ ጥብቅ አድርጌ ጠቀለልኳት። ትንሽ ረዳ። ትንሽ ብቻ።

ረቡዕ
እንጦጦ ፓርክ ወሰድኳት። ዥዋዥዌ አለ፤ ተራም አለ። ሊያ ተራ አታውቅም። አንዲት እናት "ሥርዓት አታስተምሪያትም?" አለችኝ። የራሷ ልጅ አይስክሬሙን የሰው ቀሚስ ላይ እየጠረገ ነበር። ሌላዋ ጸበል መከረችኝ። ሄደናል እህቴ፤ ውሃውን ወዳዋለች።

ስንመለስ ሚኒባሱ ጉድጓድ ለጉድጓድ ሲዘል ጸጥ አለች። የመንገዳችንን ጉድጓድ ለመጀመሪያ ጊዜ አመሰገንኩ።

ሐሙስ
ለቅሶ ሳይደርሱ መቅረት አይቻልም፤ ሊያን የሚይዝልኝም የለም። ይዣት ገባሁ። ወይዘሮ አበበች መሐል ተቀምጠው ግራና ቀኝ እየተወዛወዙ ያለቅሳሉ። ሊያ እጄን መንጭቃ ሄደች። አጠገባቸው ቁጭ አለችና አብራቸው ትወዛወዝ ጀመር።

"ኧረ ልጅቷን ያዣት!" አሉኝ አቶ ገዛኸኝ።

ወይዘሮ አበበች መወዛወዛቸውን ሳያቆሙ፣ "ተዋት ገዛኸኝ፤ ከእኔ ጋር ናት" አሉ።

ያ ሁሉ ሰው ከማክሰኞ ጀምሮ ሲወዛወዝ ሰንብቷል፤ ዕድሜው አልተጠየቀም።

ዛሬ ግንባሯን አላጋጨችም።

ቅዳሜ
አግዳሚው ወጣ። ወይዘሮ አበበች ጥቁራቸውን እንደለበሱ ወርደው "አንተ ገዛኸኝ፣ የልጅቷን ዥዋዥዌ የት አደረስከው?" አሏቸው። ሊቀመንበራችን መሰላል ላይ ወጡ። ቋጠሮውን ደጋግሜ እያስፈታሁ እንደገና አሳሰርኳቸው። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያውም ደህና ነበር።

ሊያ ጨርቁ ውስጥ ገባች፤ ዓይኗን ጨፈነች። ወይዘሮ አበበች ቀስ እያሉ ገፏት።

አቶ ገዛኸኝ ከመሰላሉ ወርደው እጃቸውን አራገፉ። "ጊዜያዊ ነው እንግዲህ፤ በጠቅላላ ጉባኤ እስኪወሰን።"

ጠቅላላ ጉባኤያችን እዚህ ከገባን ጀምሮ ምልአተ ጉባኤ ሞልቶለት አያውቅም። ተመስገን።