ስለ አብሺር መንጋጋና ስለ ጤነኛው ድምፁ

ለተከበሩ አቶ ኒቆዲሞስ
የሬዲዮ ጣቢያችን ሥራ አስኪያጅ
ድሬዳዋ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ ጥርስዎም አንድ ሳይጎድል በአፍዎ ውስጥ የሰነበተ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ ጥርስን ማንሣቴ ሰሞኑን በግቢያችን ስለረከሰ ነው። የማለዳውን ዝግጅት ከአብሺር ጋር አቀርብ የነበርኩት አስካለማርያም ነኝ።

አብሺር፣ በጣቢያችን አጥር ሥር፣ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ዳር ሰልባጅ የሚሸጡትን ሴቶች የእርስዎ ጥበቃዎች መደብደባቸውንና ዛምዛም የተባለችው እናት ዓይኗ መፍሰሱን በአየር ላይ ተናገረ። ከስቱዲዮ ሲወጣ እነዚያው ጥበቃዎች በር ላይ ጠብቀው መንጋጋውን በዱላ ሰበሩት፤ ከወደቀ በኋላም አፉን በጫማ ረገጡት። በማግስቱ እርሱ መንጋጋው በሽቦ ታስሮ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ድምፁ በጣቢያችን ዜና አነበበ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚባለው ጥበብ እርስዎ ድምፁን ከድሮ ዝግጅቶቹ አስቀድተው፣ ከደረጃ ወድቄ ነበር፣ አሁን ደህና ነኝ፣ ስለ ሴቶቹ የተናገርኩትም ስህተት ነበር እንዲል አደረጉት። ስለዚህ ውለታ ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩. ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት ጣቢያችን ምድር ቤት ነው፣ ደረጃ የለውም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ለማድረግ እንኳ እምዬ መኖር አለባት።

፪. ማሽኑ የተናገረው አማርኛ እጅግ የጠራ በመሆኑ ላመሰግን እወዳለሁ፤ ያዋረዳችሁም ይኸው ጥራቱ ነው። አብሺር ተወልዶ እስካሁን አንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ ቋንቋ ጨርሶ አያውቅም፤ በአማርኛ ጀምሮ በሶማሊኛ ይቀልዳል፣ በኦሮምኛ ይረግማል፣ ሲሰለቸው ደግሞ አቦ ብሎ ይተወዋል። ከከዚራ እስከ መጋላ ሬዲዮ የከፈተ ሰው ሁሉ ያን ቋንቋ ሳይቀላቀልበት የተነበበ ዜና ሲሰማ፣ ሰውየውን ገድለውታል ብሎ ደመደመ። ቤቱ በልቅሶ ደራሽ ተሞላ። ሚስቱ ሁዶ ማታ አጠገቡ አምሽታ የተመለሰች ብትሆንም፣ ሆስፒታል ድረስ ሮጣ ትንፋሹን በእጇ ዳስሳ ነው መኖሩን ያመነችው።

፫. የዐርቡን ድራማ ደራሲ ዐብዲቃድርን አባረው ድርሰቱን ለማሽኑ በመስጠትዎም እናመሰግናለን። አሁን በድራማው ውስጥ ያለ ጥበቃ ሁሉ አሮጊት አዝሎ ደቻቱን ያሻግራል። አሮጊቷን ማን እንዲህ አድርጎ እንደሰበራት የሚጠይቅ ገጸ ባሕርይ ግን አልተጻፈም።

፬. በግሌ ደግሞ ያ ድምፅ እንደምን አደራችሁ ባለ ቁጥር ደሜ ይፈላል። አንድ ሬዲዮ ግድግዳ ላይ ፈጥፍጫለሁ፤ ሁለተኛው የጎረቤት ስለሆነ ተርፏል። ሐኪሙ አብሺር ከእንግዲህ አጥርቶ ላይናገር ይችላል ብሎናል። አፉን ሰብራችሁ ስታበቁ፣ በራሱ ድምፅ ውሸታም ነበርኩ እያላችሁ በየማለዳው ዳግም ትረግጡታላችሁ። እባክዎ ድምፁን ይመልሱለት፣ ዝም የሚል ከሆነም ራሱ ዝም ይበል።

ዱላዎ ከአፌ ርቆ እንዲሰነብት እየጸለይኩ፣ ድምፄን እስከ ዛሬ በጉሮሮዬ ይዤ የምገኘው፣

ታማኝ አድማጭዎ
አስካለማርያም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማሽንዎ ያልተማረው አንድ የአብሺር ድምፅ እንዳለ ተረድቻለሁ። ያን ቀን በር ላይ ሲመቱት እኔ ከመስኮቱ ጀርባ ሆኜ በስልኬ እቀዳ ነበር። በሶማሊኛ እናቱን ሲጠራ፣ በአማርኛ ሲለምን፣ በኦሮምኛ ሲረግም፣ መንጋጋው ሲሰበርም አንድ ሳይቀር ይሰማል። ለእርስዎ ከመላኬ በፊት ለከተማው ባጃጅ ሾፌሮች በየቴፓቸው ከፍተው እንዲዞሩ ልኬላቸዋለሁና፣ እባክዎ መስኮትዎን ከፈት አድርገው ያድምጡት።