እስከ ሦስተኛው ሱቅ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9

ጠዋት፦ አሥራ አራት ጣቃ የመጋረጃ ጨርቅ፣ ሃያ ስምንት ብርድ ልብስ፤ አንዱ ጥጉ ረጥቧል። ጣሪያው ዛሬም ያፈሳል።

አንቺዬ፣

እንደምን ከርመሻል? እህትሽስ፣ ወገቧን ተሻላት? እኔ ደህና ነኝ። ይህን የምጽፍልሽ በዕለት ማስታወሻዬ ላይ ስለሆነ ከላይ ያለውን ቆጠራ እለፊው፤ እጄ ለምዶበት ነው።

ጎረቤታችን ሞባይል ጠጋኙ ሰሞኑን አንድ ዘፈን ይዟል። ዘፋኙ ቀኑን ሙሉ "ምን አጥፍቼ ሄድሽ?" ይላል። ዛሬ አልቻልኩም፤ "ኧረ ዝጋልን!" አልኩት።

"ጋሼ፣ ሰውየው እኮ የሚጠይቀው የራሱን ሴት ነው። እርስዎን ምን ነካዎት?" ብሎ ሳቀብኝ።

እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ የምጠይቀው እሱኑ ነው። ይህን ማስታወሻ ወደ ኋላ እየገለጥኩ ምክንያቱን ፈልጌአለሁ። በሄድሽበት ቀን የጻፍኩት "ዝናብ። ገበያው ቀዝቃዛ።" ይላል። ከዚያ በፊት ባለው ወር አንቺ ያለሽበት አንድ መስመር ብቻ አገኘሁ፦ "አሟታል፤ ሱቁን ብቻዬን ከፈትኩ።"

ከሰዓት በኋላ የልብስ ቁልፍና ክር የምትሸጠዋ፣ ከእኛ ሦስተኛው ሱቅ ያለችው፣ ልትሰናበተኝ መጣች። ሱቋን ለቃ ልጇ ዘንድ ልትኖር ነው። እግረ መንገዷን ነገረችኝ።

"ባለቤትዎ የሄደች ዕለት እኔ ጋ ቆማ ነበር። ሻንጣዋን መሬት አስቀምጣ ቁልፎቹን ታገላብጣለች። ምን ልስጥሽ ብላት አትሰማኝም። ጆሮዋ ወደ እናንተ በር ነበር።"

"እስከ ዛሬ ምነው ሳትነግሪኝ?"

"መቼ ጠየቁኝ? እርስዎ እኔን የሚጠይቁኝ ክር ስንት ገባ ብለው ነው!"

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ደንበኛ በዋጋ አልስማማ ብሎ ሲወጣ አልጠራም። የጠራ ተሸነፈ። ዝም ብዬ እርምጃውን አዳምጣለሁ፤ ልቡ ዕቃው ላይ ያለ ሰው ሦስተኛው ሱቅ ጋ ሲደርስ ይመለሳል። "ልሂድ?" ብሎ የጠየቀ ደግሞ ጭራሽ አይሄድም።

አንቺም በሩ ላይ ቆመሽ "ልሂድ?" አልሽኝ። እኔም ለደንበኛ እንደምለው "ደስ እንዳለሽ" ብዬ ጨርቅ ማጠፌን ቀጠልኩ። ተረከዝሽ ሲሄድ ሰማሁት። ሦስተኛው ሱቅ ጋ ቆመ። ይኸው መጣች ብዬ ቀና እንኳ አላልኩም።

አሁንም የሴት ተረከዝ በደጄ ባለፈ ቁጥር እጄ ጨርቁ ላይ ይቀራል። ድምፁ እዚያው ቦታ የሚቋረጥ ይመስለኛል። ወጥቼ አያለሁ፤ ማንም የለም። አንዳንዴ መንገዱ ባዶ ሆኖም እሰማዋለሁ።

ይህን በፖስታ አልልከውም። ፊትሽ ስቆም አፌ የለመደውን እንዳይናገር ገጹን ቀድጄ በእጄ ይዤው እመጣለሁ። በሩን ባትከፍቺልኝ አልፈርድብሽም፤ ከሥር አስገባዋለሁ።

ጤናሽ ይብዛ። ያለሽበት ቤት ይሙቅልሽ።

ያንቺው

ነገ፦ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መናኸሪያ ሄጄ ትኬት መቁረጥ።