የጎዞ እርከን

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12፤ መካነ ሰላም

ዛሬ እትዬ ዘይነባ ስልካቸውን ይዘው ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። የቀድሞ ተማሪዬ ከድጃ ልጃቸው ናት፤ ጎዞ በምትባል የሜዲትራኒያን ደሴት ሆቴል ታጸዳለች። «መምህር፣ ዙሪያዋን ባሕር ነው አሉ። አንድ ቀን ቢውጣትስ?» አሉኝ። በክፍላችን ካርታ ላይ ደሴቷ ነጥብ እንኳ አታህልም፤ ምን ብዬ ላጽናናቸው?

ከድጃ የላከችውን ቪዲዮ ከፈትኩላቸው። ቱሪስቶች የጥንት ገበሬዎች ገደል ላይ የካቡትን እርከን ፎቶ ያነሳሉ። እትዬ ዘይነባ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩና ፊታቸው ፈካ። «የእኛው እርከን አይደል እንዴ! አልሐምዱሊላህ፣ ገበሬ ያለበት አገር ነው።»

ስንት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ እንዲህ ያለ መልስ አልነበረኝም። ተመስገን።

ሲወጡ ለከድጃ ድምፅ ቀዱላት፦ «በላክሽው ቪዲዮ ላይ ሦስተኛው ካብ ሆዱ ተነፍቷል። ክረምት ሳይገባ ጠግኑት በያቸው።»